«ኮድ አይደለም፤ ቅንብር ብቻ ነው» ስለሚባለው ነገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ ነኝ። ሙያዬ ዌብ አፕሊኬሽን (በኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈት ፕሮግራም) መሥራትና ከተሠራም በኋላ መንከባከብ ሲሆን፣ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በዜና ዘገባዎች ውስጥ ደጋግሜ የማነበው አንድ ሐረግ ነው። አንድ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሰዓታት ሲቋረጥ፣ ወይም የደንበኞች መረጃ ከማይገባው ሰው እጅ ሲገባ፣ ዘገባው አብዛኛውን ጊዜ «በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት» ብሎ ያልፈዋል። ሐረጉ ፈጽሞ ስሕተት ነው አልልም፤ ነገር ግን «ብልሽት» የሚለው ቃል ዕቃ አርጅቶ የተሰበረ፣ ማንም ሰው እጁን ያላስገባበት ያስመስለዋል። እኔ ራሴ ካየኋቸው፣ ኩባንያዎችም ዘግይተው በይፋ ካመኗቸው ጉዳዮች ውስጥ ግን ምንም የተሰበረ ነገር የሌለባቸው ብዙ ናቸው። አንድ ሰው አንድ ቅንብር ለውጧል፤ ሲለውጥ አጠገቡ ሆኖ ያየለት የለም፤ ያላየለትም በሙያችን ውስጥ «ኮድ አይደለም፤ ቅንብር ብቻ ነው» የሚል ሥር የሰደደ ልማድ ስላለ ነው። ክርክሬ ከዚህች አባባል ጋር ነው።

ኮድ ፕሮግራመሩ የሚጽፈው የፕሮግራሙ ትእዛዝ ነው፤ ቅንብር የምለው ግን ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ «ሴቲንግ» የምንለውን ነው፤ የሙያው ሰዎች «ኮንፊግ» ይሉታል። አንድ ዌብ አፕሊኬሽን ሁለት ዓይነት ቅንብር ይኖረዋል። አንደኛው ከተሠራበት ማዕቀፍ (ፕሮግራመሮች ሥራቸውን ከሚነሡበት ዝግጁ መሠረት) ጋር አብሮ የመጣ ነው፦ ዳታቤዙ የት እንደሚገኝ፣ ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ ስንት ደቂቃ ቢቆይ ከአካውንቱ እንደሚወጣ፣ የሚጫነው ፋይል እስከ ስንት ሜጋባይት እንደሚፈቀድ። ሁለተኛው ሠሪዎቹ ለዚያ አፕሊኬሽን ብቻ ብለው የፈጠሩት ነው፦ ምዝገባው ክፍት ነው ወይስ ዝግ፣ አንድ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ማመልከት ይችላል፣ የማረጋገጫ መልእክት ከየትኛው አድራሻ ይላካል፣ አዲሱ የክፍያ ገጽ ለሁሉም ይታይ ወይስ ለጥቂቶች። የመጀመሪያው ዓይነት ቢያንስ መመሪያ አለው፤ የማያውቀው ሰው አንብቦ ይደርስበታል። የሁለተኛው ትርጉም ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በፈጠረው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ሰው ሥራ በለቀቀ ማግስት ቅንብሩ ባለቤት ያጣል። ጭንቀቴ በዋናነት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

ቅንብርን ከኮድ መለየቱ ራሱ ጤናማ ሐሳብ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። አንድ ኮድ በፕሮግራመሩ ኮምፒውተር፣ በመሞከሪያው ሰርቨርና ሕዝብ በሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ ሳይለወጥ መሥራት አለበት፤ የሚለያየው በየቦታው የሚያገኘው ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሄሮኩ በተባለው የደመና አገልግሎት ይሠሩ የነበሩ መሐንዲሶች «አሥራ ሁለቱ ነጥቦች» ተብሎ የሚታወቀውን መመሪያ ሲያወጡ አንዱን ነጥብ የሰጡት ለዚሁ ነው። መለያየቱን የሚፈትኑበት ጥያቄም ቀላልና ጨካኝ ነው፦ ኮዳችሁን አሁን በዚህች ደቂቃ ለዓለም ሁሉ ክፍት ብታደርጉት የሚጋለጥ ምስጢር አለ? ለብዙዎቻችን መልሱ «አዎ» መሆኑን ስናውቅ እናፍራለን። ችግሩ ግን መለያየቱን የተቀበልን ሰዎች አንድ የተሳሳተ መደምደሚያ አብረን መቀበላችን ነው። ቅንብሩ ከኮዱ ስለወጣ፣ ለኮዱ ከሚደረገው ጥንቃቄም የወጣ መሰለን። ኮድ ለመለወጥ ሌላ ባለሙያ ያነበዋል፣ ይሞከራል፣ በመዝገብ ይያዛል፤ ቅንብር ለመለወጥ ግን ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ አንድ መስመር ማረም ይበቃል። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ፕሮግራሙ ትናንት ያላደረገውን ዛሬ ያደርጋል።

ይህ ማጋነን የሚመስለው አንባቢ ናይት ካፒታል የተባለውን የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ድርጅቱ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ነገሩ እንዲህ ነበር። አዲስ ተግባር ለማብራት አዲስ ማብሪያ በመፍጠር ፈንታ፣ «ፓወር ፔግ» የተባለና እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሥራ ላይ ያልዋለ አሮጌ ተግባር ይበራበት የነበረውን ማብሪያ መልሰው ተጠቀሙበት። አዲሱን ኮድ ከስምንቱ ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ጫኑት፤ ስምንተኛው ተረሳ። ገበያው ሲከፈት ማብሪያው በርቶ በነበረበት በስምንተኛው ሰርቨር ላይ አሮጌው ተግባር ከሞት ተነሥቶ ሳያቋርጥ የአክሲዮን ግዢና ሽያጭ ማዘዝ ጀመረ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኋላ እንዳጣራው፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ የፓወር ፔግን ስም የሚጠቅሱ 97 የስሕተት ኢሜይሎችን ለሠራተኞች ልኮ ነበር፤ የተመለከታቸው ግን አልነበረም። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተበላሸ ኮምፒውተር የለም። ስሙና ትርጉሙ የተለያየ አንድ ማብሪያ ነው ያለው። የዚህ ዓይነት ሙት ቅንብር በማንኛውም ዕድሜ በጠገበ አፕሊኬሽን ውስጥ ተኝቶ ይገኛል፤ ማንም አይሰርዘውም፣ ምክንያቱም ምን እንደሚያደርግ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ስለሌለ መሰረዙ ያስፈራል።

ሁለተኛው ምሳሌ የዌብ አፕሊኬሽን ባይሆንም አባባሉን ራሱን ያሳያልና ልጥቀሰው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ ያሰራጨው አንድ ፋይል፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ፤ አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፣ ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ። የኩባንያው ደንበኞች የዋናውን ፕሮግራም አዲስ ስሪት ለማዘግየት፣ አንድ ወይም ሁለት ስሪት ወደኋላ ቀርተው ለመጠበቅ መብት ነበራቸው። የዚያን ቀን የመጣው ግን የፕሮግራም ስሪት ሳይሆን የቅንብር ፋይል ስለነበረ፣ ያ ምርጫ አላዳናቸውም፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ደረሰ። ፋይሉ ከ78 ደቂቃ በኋላ ተመልሷል፤ የወደቁትን ኮምፒውተሮች ግን ብዙዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ማንሣት አስፈልጓል። ኮድ ሲሆን በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ቅንብር ሲሆን በጓሮ ይገባል ማለት ይህ ነው።

ትልልቆቹን ብቻ እያነሣሁ ራሴን እንዳልደብቅ፣ የራሴንም ጥፋት ልጨምር። ከዓመታት በፊት ስሙን መጥቀስ ለማይገባኝ አንድ ድርጅት የማመልከቻ መቀበያ አፕሊኬሽን እንከባከብ ነበር። የማመልከቻው ጊዜ እኩለ ሌሊት ላይ ሲያበቃ ምዝገባውን መዝጋት የእኔ ተራ ነበር። «ምዝገባ ክፍት» የሚል ቅንብር ነበረን፤ እሱን ገብቼ «ፎልስ» ብዬ ጻፍኩ፣ ማለትም «አይደለም»። ሰርቨሩን አስነሣሁት፣ የፊት ገጹን ከፈትኩት፣ «ምዝገባው ተጠናቋል» ይላል። ረክቼ ተኛሁ። ጠዋት ስንገባ ከመቶ በላይ አዲስ ማመልከቻዎች ተቀምጠዋል።

የሆነው ይህ ነው። ቅንብሩ የተቀመጠው በሰርቨሩ የአካባቢ ተለዋዋጭ፣ ባለሙያዎች «ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል» በሚሉትና ሰርቨሩ ፕሮግራሙ ሲነሣ በሚያቀብለው የስምና የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ነበር። እዚያ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ ቁጥርም ቢሆን፣ አዎና አይደለምም ቢሆን፣ ለፕሮግራሙ የሚደርሰው እንደ ተራ ፊደላት ነው። እኛ የምንሠራበት ቋንቋ ደግሞ ባዶ ያልሆነን ማንኛውንም ጽሑፍ «አዎ» ብሎ ይወስዳል። ስለዚህ «ፎልስ» የሚለው ቃል ባዶ ስላልሆነ «አዎ፣ ምዝገባው ክፍት ነው» ተብሎ ተነበበ። የፊት ገጹስ ለምን ዝግ አለ? ምክንያቱም እሱ የሚያነበው ያንን ቅንብር ሳይሆን፣ ሌላ ባልደረባዬ ቀደም ሲል የፈጠረውን «የመዝጊያ ቀን» የሚል ሌላ ቅንብር ነበር። አንዱን እውነት ሁለት ቦታ ጽፈነው፣ ሁለቱም ተለያይተው ሄደዋል። የቅጹን አድራሻ በቀጥታ የያዙ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲያመለክቱ አደሩ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሥራ፣ ለእያንዳንዱ አመልካች ደውሎ «ማመልከቻዎን ተቀብለናል ያልነው በስሕተት ነው» የማለቱን ሥራ፣ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል። ለድርጅቱ ኃላፊ ያቀረብነው የጽሑፍ ማብራሪያ ላይ ምን ብለን እንደጻፍን ለአንባቢ መናገር አለብኝ፦ «በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት»።

ከዚያ ወዲህ በምሠራቸው አፕሊኬሽኖች ሁሉ አንድ ደንብ አስቀምጫለሁ። አፕሊኬሽኑ ሲነሣ ቅንብሮቹን ሁሉ በአንድ ቦታ ያነባል፤ ቁጥር መሆን ያለበትን ወደ ቁጥር፣ አዎ ወይም አይደለም መሆን ያለበትን ወደዚያው ይቀይራል፤ የጎደለ ወይም የማይገባ ዋጋ ካገኘ የቅንብሩን ስም ጠቅሶ አልነሣም ይላል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን እንደ ግትርነት ያዩታል፤ «ካልገባው ቀድሞ በተቀመጠለት ነባሪ ዋጋ ቢቀጥል ምናለ?» ይላሉ። መልሴ፣ ሰርቨሩ ዓይናችን እያየ ሥራ ሲጀምር ቢወድቅ፣ ሁላችንም ተኝተን ሳለ የተሳሳተ ነገር በልበ ሙሉነት ከሚሠራ እጅግ ይሻላል ነው። ጽሑፍ ወደ ትርጉም ሲቀየር የሚፈጠረው ጣጣም የእኛ ብቻ አይደለም። «ያምል» የተባለው የቅንብር ፋይል ዓይነት በቀድሞ ደንቡ የኖርዌይን ባለ ሁለት ፊደል የአገር መለያ «አይደለም» ብሎ ያነበው ነበር፤ መለያው በእንግሊዝኛ «አይደለም» ከሚለው ቃል ጋር በፊደል አንድ ነውና። ከአገሮች ዝርዝር ውስጥ አንዲት አገር ትጠፋለች፣ በቦታዋ ሐሰት የሚል ዋጋ ይቀመጣል። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ስሪት ቢታረምም አሮጌውን የሚከተሉ መሣሪያዎች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።

ሌላው ብዙ ሰዓት የሚበላ ጉዳይ «የቱ ዋጋ ነው የጸናው?» የሚለው ነው። ዘመናዊ ማዕቀፎች ቅንብርን በድርብርብ ያነባሉ። ለምሳሌ በማይክሮሶፍቱ ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር፣ በተለመደው አሠራር መጀመሪያ አጠቃላዩ ፋይል ይነበባል፣ ከዚያ ለዚያ አካባቢ (ለመሞከሪያው ወይም ሕዝብ ለሚጠቀምበት ሰርቨር) የተለየው ፋይል፣ ከዚያ የአካባቢ ተለዋዋጮች፣ በመጨረሻ ፕሮግራሙ ሲነሣ በትእዛዝ መስመር የተሰጠው፤ ኋላ የመጣው የቀደመውን ይሽረዋል። አሠራሩ ምቹ ነው። ነገር ግን ፋይሉን አርሞ ምንም ለውጥ ሲያጣ፣ ዋጋውን ከላይ ሌላ ቦታ የሚሽረው እንዳለ ሳያውቅ ግማሽ ቀን የሚያጠፋ ባለሙያ በየቢሮው አለ። መቼ እንደሚጸናም እንዲሁ ይለያያል። በቀድሞው ኤኤስፒ ዶት ኔት ዌብ ኮንፊግ የተባለውን ፋይል መንካት አፕሊኬሽኑን እንደ አዲስ ያስነሣዋል፤ የተጠቃሚዎች ቆይታ የተያዘው በሰርቨሩ ማኅደረ ትውስታ ከሆነ ሁሉም ሳይጠሩት ይወጣሉ፣ ቅጽ እየሞላ የነበረውም ሰው ልፋቱ ይቀርበታል። ላራቬል በተባለው ማዕቀፍ ደግሞ ቅንብሩ አንድ ጊዜ በካሽ (ለፍጥነት ተብሎ በሚቀመጥ ቅጂ) ከተያዘ፣ ካሹ እንደገና እስኪሠራ ድረስ የአካባቢ ፋይሉን ቢያርሙት ባያርሙት አንድ ነው። ስለዚህ በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ አሁን የሚሠራባቸውን ዋጋዎችና እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ አንድ ገጽ መኖር አለበት ባይ ነኝ፤ የይለፍ ቃሎቹ ግን ተሸፍነው። አንድ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ያለውን አፕሊኬሽን ግን በጣት ቆጥሬ እጨርሳለሁ።

ስለ ይለፍ ቃል ካነሣሁ፣ ምስጢርን ከሌላው ቅንብር ጋር አንድ ላይ የማስቀመጥ ልማድ ያስከፈለውን ዋጋ ኡበር ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሰርጎ ገቦች የኩባንያው መሐንዲሶች ኮድ በሚያስቀምጡበት የግል የጊትሀብ ማኅደር ውስጥ ገብተው የደመና አገልግሎቱን መክፈቻ አገኙ፤ በእሱም የ57 ሚሊዮን ተሳፋሪዎችና ሾፌሮች መረጃ ወሰዱ። ኩባንያው ነገሩን ለሕዝብ የገለጠው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ማኅደሩ «የግል» መሆኑ እንዳላዳነ ልብ ይሏል። ብዙዎች ደግሞ ምስጢሩን በስሕተት ካስገቡ በኋላ መስመሩን ሰርዘው የዳኑ ይመስላቸዋል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የተባለው መሣሪያ ግን የሚሠራው ያለፈውን ሁሉ በማስታወስ ነው፤ የተሰረዘው መስመር በታሪኩ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። ያለው መፍትሔ ቁልፉን መሻርና አዲስ ማውጣት ብቻ ነው። በአካባቢ ተለዋዋጭ ማስቀመጥም ቢሆን የመጨረሻ መልስ አይደለም፤ ፕሮግራሙ የሚያስነሣቸው ሌሎች ፕሮግራሞች ይወርሱታል፣ አንዳንድ የስሕተት ገጾችም እንዳለ ዘርግፈው ያሳዩታል። የጃንጎ ማዕቀፍ አዘጋጆች የማረሚያ ሁነታው (ስሕተት ሲፈጠር ዝርዝሩን ለፕሮግራመሩ የሚያሳየው ቅንብር) በርቶ ለሕዝብ አገልግሎት እንዳይሰጥበት አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው፤ በአንዲት «አዎ» የአፕሊኬሽኑ የውስጥ ገበና ለማንኛውም እንግዳ ይታያል።

በዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጠው ከአስተዳዳሪ ገጽ የሚለወጡትን ቅንብሮች በተመለከተ አቋሜ ከብዙ ባልደረቦቼ ይለያል። እነሱ አደገኛ ናቸው ይላሉ፤ እኔ ግን እንደ ቀን ገደብና እንደ ማመልከቻ ብዛት ያሉትን የሥራ ደንቦች የሥራው ባለቤት ራሱ ሊለውጣቸው ይገባል፣ ለእያንዳንዷ ለውጥ ፕሮግራመር መጥራት ሌላ ጥገኝነት ነው እላለሁ። አደጋው ያለው ከመለወጡ ሳይሆን ከለውጡ ታሪክ መጥፋት ነው፤ ዳታቤዝ በባሕርዩ በትናንቱ ዋጋ ላይ የዛሬውን ጽፎ ያጠፋዋል። ማን፣ መቼ፣ ከምን ወደ ምን፣ ለምን ለወጠው የሚለው አብሮ እንዲመዘገብ ካልተደረገ፣ ነገር ከተበላሸ በኋላ የሚቀረው ሰውን ከሰው ማጋጨት ብቻ ነው። ገደብም ያስፈልጋል፤ የደቂቃ ቁጥር በሚጠበቅበት ሳጥን ውስጥ ዜሮ ወይም አሉታዊ ቁጥር ሲጻፍ አፕሊኬሽኑ ዝም ብሎ መቀበል የለበትም።

ደግሞም ቅንብሩን የነካው ሰው ሁልጊዜ ጥፋተኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 2021 ፋስትሊ የተባለው የድረ ገጽ ማከፋፈያ ኔትወርክ 85 በመቶው ስሕተት መመለስ ሲጀምር፣ መነሻው አንድ ደንበኛ የራሱን ቅንብር መለወጡ ነበር። ለውጡ ግን ትክክለኛና የተፈቀደ መሆኑን ኩባንያው ራሱ አምኗል፤ ከሳምንታት በፊት በተጫነ ሶፍትዌር ውስጥ ተኝቶ የነበረውን ስሕተት ነው የቀሰቀሰው። በ49 ደቂቃ ውስጥ 95 በመቶው ወደ ሥራ የተመለሰው ለውጡን ፈልጎ ማግኘትና ማጥፋት ስለተቻለ ነው። ኮድና ቅንብር ተለይተው ይቀመጡ እንጂ ተለይተው ሊሞከሩ አይችሉም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚቀርብልኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ቅንብር የተፈጠረው ለፍጥነት ነው፤ እንደ ኮድ በሰልፍ ካለፈ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው ይባላል። በድንገተኛ ጊዜ አንድን ተግባር ወዲያው ማጥፋት እንደሚያስፈልግ አልክድም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። የሌላ ሰው ማየት በዚያ ሰዓት ሊዘገይ ይችላል፤ መመዝገቡ ግን ሊዘገይ አይገባም። ድንገተኛ ያልሆነው ለውጥ፣ ማለትም አብዛኛው፣ የሁለተኛ ሰው ዓይን ቢጠብቅ የሚያጣው ሩብ ሰዓት ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው። አንድ አገልግሎት ተቋርጦ ኃላፊው «የቴክኒክ ብልሽት» ሲሏችሁ፣ እባካችሁ ሁለት ጥያቄ ጨምሩላቸው፦ ከመቋረጡ በፊት ምን ተለወጠ? ወደ ቀድሞው ለመመለስስ ስንት ሰዓት ፈጀ? የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ የማይችል ተቋም የለውጥ መዝገብ እንደሌለው ትረዳላችሁ፤ ይህ ራሱን የቻለ ዜና ነው። አፕሊኬሽን ለሚያሠሩ አንባቢዎቻችሁም አንድ ምክር አለኝ። ሥራውን ስትረከቡ ከኮዱ ጋር የቅንብሮቹን ዝርዝር ጠይቁ፤ የእያንዳንዱን ስም፣ ትርጉም፣ የሚፈቀዱለትን ዋጋዎች፣ ማን ሊለውጠው እንደሚችልና መቼ እንደሚጸና የሚናገር ጽሑፍ ይሁን። ከዚያ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን መርጣችሁ፣ ሠሪዎቹ ፊታችሁ ለውጠው ወደ ነበረበት እንዲመልሱት አድርጉ። ዝርዝሩ ተሟልቶ እስኪቀርብ ድረስም የርክክብ ሰነዱ ላይ አትፈርሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ